ቧንቧው ዝም ያለበት እሑድ

ደወሉ ሲጮህ ሳህሉ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው ገና ካልሲ ፍለጋ ላይ ነበር።

"ወይ ጉዴ! መጡ!"

ደረጃውን እያነከሰ እየዘለለ ወረደ። ለአሥራ አንድ ሰዓት የቀጠራቸው ሽማግሌዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጅ ቆመዋል። የሐበሻ ቀጠሮ ይዘገያል እንጂ ይቀድማል ብሎ ማን ያስባል? ዛሬ ግን ሰኞም ቢሆን ባንክ ሆሊደይ የሚሉት የሥራ ዝግ ቀን ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል። የቸገረው ደግሞ መቅደማቸው ብቻ አይደለም። የሚታረቁት ሰዎች እንደሚታረቁ ገና አልተነገራቸውም።

በሩን ሲከፍተው ጋሽ እንግዳወርቅ በዚያ የነሐሴ ሙቀት ከነሙሉ ልብሳቸው ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል። ለንደን ውስጥ የሃክኒ ሰፈር ሐበሻ የተጣላ ባልና ሚስት ሲኖር የሚጠራው እሳቸውን ነው። ከኋላቸው የዌምብሊው ተክለአብ፣ እሱም ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የሚኒካብ ታክሲውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

"እንዴት ዋልክ ሳህሉ? ባለጉዳዮቹ የት አሉ?" አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ።

"አሉ፣ ጋሼ። አንዱ ከላይ ነው፣ አንዱ ከታች።"

"መምጣታችንን ያውቃሉ?"

"እ... ቀስ ብዬ ልነግራቸው ነበር።"

ተክለአብ ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። "ጋሼ፣ ይሄ ሰው እኮ ሙሽሮቹ ሳያውቁ ሠርግ ጠርቶናል!"

ሳህሉን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ከሥሩ ቢነገር ይሻላል። ሳህሉ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ እያለ አንበሳ አውቶቡስ ላይ ቲኬት ይቆርጥ ነበር። በሱዳን በኩል ዞሮ ለንደን ገባ፤ አሁን አንድ ሆስፒታል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ሲያጥፍ ይውላል። የሚኖረው ስትሪትሃም በሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ መሃል ፎቅ ላይ ነው። ከላይ ሚስተር ኤግበርት አለ፣ ሰባ ያለፈው የባርቤዶስ ሰው፤ እሱም ዕድሜውን በለንደን አውቶቡስ ላይ ቲኬት ሲቆርጥ የኖረ። ከታች ሚስተር ሌን አለ፣ እዚያው ስትሪትሃም ተወልዶ እዚያው ያረጀ እንግሊዝ፣ የጋዝ ቧንቧ ሠራተኛ የነበረ። ሳህሉ መጀመሪያ ሁለቱንም በሆዱ አንቱ ይላቸው ነበር። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው የሚባባሉትን ሲሰማ አንቱታው ራሱ አፍሮ ተወው።

የማሞቂያው ቧንቧ ከሌን ቤት ይነሳና የሳህሉን ክፍል ሰንጥቆ ኤግበርት ቤት ይገባል። ከአራት ዓመት በፊት፣ ደርግ የወደቀ ሰሞን፣ ሳህሉ ቤቱን በያዘ በወሩ፣ ሬድዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያገሩን ወሬ ሲያዳምጥ ቧንቧው ኳ! አለ፣ ከላይ። ቆየት ብሎ ከታች፣ ኳ! ኳ!

"በእኔ ነው" አለ ሳህሉ። ሬድዮኑን ቀነሰ። ኳ! ጫማውን አወለቀ። ኳ! በጣቱ ጫፍ መሄድ ጀመረ። የሽንት ቤት ውኃ መልቀቅ ሁሉ ፈራ። ገና የመኖሪያ ወረቀቱ ያልወጣለት ሰው ነው፤ ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራበትስ? መቼስ ይቅርታ መጠየቅ ይሻላል ብሎ ተነሳ። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። አንድ ኪሎ ስኳር ገዛና የኤግበርትን በር አንኳኳ።

"ሶሪ ሰር። ከእንግዲህ ድምፅ አላሰማም።"

ኤግበርት ስኳሩን አየ፣ ሳህሉን አየ፣ ከዚያ የበሩን መቃን ይዞ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ! ማን አንተን ነካህ? እንግሊዞች አንድ ሰው በወጣባቸው ቁጥር ነው የምመታው! ግባ፣ ግባ!"

ለካ ነገሩ ክሪኬት የሚሉት ጨዋታ ነው። ዌስት ኢንዲስ፣ የባርቤዶስና የሌሎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ቡድን፣ ከእንግሊዝ ጋር በሚጋጠምበት በጋ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ሬድዮናቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ። ከእንግሊዝ አንድ መቺ ተሸንፎ ከሜዳ ሲወጣ ኤግበርት ቧንቧውን በትልቅ የወጥ ማንኪያ ይመታል። ከዌስት ኢንዲስ ሲወጣ ሌን በመፍቻ ይመታል። እያንዳንዷ ኳ ስድብ ናት። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲሰዳደቡ ኖረዋል።

ሳህሉ ደግሞ ነገር ማወቅ ሲወድ አይጣል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላይና ታች እየተመላለሰ ይጠይቅ ጀመር። ለምንድነው ነጭ የሚለብሱት? አምስት ቀን ሙሉ ለምን? ጦርነት ላይ ያለ ሰው መሃል ላይ ሻይ ይጠጣል? ኳስ ተጫዋች በዝናብ ይጫወት የለ፣ እነሱ ሲያካፋ ለምን ይሮጣሉ? ከላይ የሚሰማው መልስና ከታች የሚሰማው አንድ ሆኖ አያውቅም። "ክሪኬት ማለት ሲገዛን የኖረውን በገዛ ጨዋታው አሸንፎ ቁጭ ማድረግ ነው" ይላል ኤግበርት። "ክሪኬት ማለት ሲመቱህ ዝም ብሎ መቆም ነው" ይላል ሌን።

ሳህሉ በራሱ መንገድ ገባው። "አገሬ በገና ቀን ሩር በዱላ እየመታን የምንጫወተው ጨዋታ አለ" አላቸው አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሁለቱ ሲገናኙ። "የዚያን ቀን ድሃው ባላባቱን ቢሰድበው፣ በዱላ ቅልጥሙን ቢለው እንኳ ክስ የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንላለን።" ኤግበርት ጭኑን መታ። "ይሄው! ሌን፣ ሰማህ? ይሄ ሰውዬ ክሪኬት ያውቃል!"

"አንተ ግን የማን ነህ?" ይሉታል ሁለቱም።

"እኔ የመሃል ፎቅ ነኝ" ይላል ሳህሉ።

እየቀለደ ይመስላል እንጂ እውነቱን ነው። የዌስት ኢንዲሱ ወርዋሪ ከሩቅ ተንደርድሮ ሲመጣ የሳህሉ ፀጉር ይቆማል። ብቻውን የቀረ የእንግሊዝ መቺ ኳሱን በደረቱም በክንዱም እየተቀበለ አልወጣም ሲል ደግሞ አንጀቱን ይበላዋል። ከዚያ በላይ ግን አንዱን መርጦ ሌላውን እንዳያጣ ይፈራል። ለንደን ውስጥ ጠዋት "አደርክ?" የሚሉት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። እነሱ ከሌሉ የሳህሉ ቤት ቤት አይደለም፣ ደረጃ ላይ ያለ ክፍል ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓርብ፣ የዘንድሮው የመጨረሻ ግጥሚያ ኦቫል ሜዳ ላይ በተጀመረ ማግሥት፣ አንድ መኪና ለኤግበርት በርሜል አመጣ። ሰማያዊ፣ ፕላስቲክ፣ እስከ ደረት የሚደርስ። ሳህሉ ነው ተሸክሞ ያወጣለት።

"ለምንህ ነው?" አለው።

"ለዕቃ" አለ ኤግበርት፣ ቶሎ ብሎ ወሬውን ወደ ጨዋታው አዞረው።

ሳህሉ ግን አዲስ አበባ የኖረ ሰው ነው። በርሜል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ላይ ዘንድሮ ዝናብ ጠፍቶ የስትሪትሃም ሣር ገለባ ሆኗል፣ ዜናውም ስለ ውኃ ነው የሚያወራው። ኤግበርት ቀድሞ ሰምቷል ማለት ነው! በቀጥታ ወርዶ ሌንን ጠየቀው።

"ውኃ ሊጠፋ ነው እንዴ? ኤግበርት በርሜል አስገባ። እኔም ልግዛ?"

ሌን ቀና አለ። "ምን ዓይነት በርሜል?"

"ሰማያዊ። ይሄን ያህላል።"

ሌን እጁን ሰደድ አድርጎ ሬድዮኑን ዘጋው። ጨዋታ እየተላለፈ! "አይ፣ ውኃ አይጠፋም" አለና በሩንም ዘጋ። ሳህሉ ውኃው ባለመጥፋቱ ደስ ብሎት ወጣ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ደረጃው ላይ ጩኸት ሰማ።

"አበቃ! ዳግመኛ ደጄን እንዳትረግጥ!" የሌን ድምፅ ነው።

"ድሮስ ማን ለመነህ!" አለ ኤግበርት። ሁለት በር ተራ በተራ ጓ! ጓ! አለ።

የዚያን ቀን ዌስት ኢንዲሶች አንወጣም ብለው ሲመቱ ነው የዋሉት፤ ሳህሉ ሌን በዚያ የተናደደ መሰለው። ግን ስድቡ ውስጥ የአንድ ተጫዋች ስም እንኳ አልነበረም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሬድዮኑን ከፈተ። ከዌስት ኢንዲስ አንድ ሰው ወጣ። ሳህሉ ቧንቧውን አየ። ዝም። ሌላ ወጣ። ዝም። በኋላ እንግሊዞች መምታት ጀመሩ። ከላይ የኤግበርት ሬድዮም አይሰማም። ሄዶ ቧንቧውን በእጁ ያዘው፤ ቀዝቃዛ ነው፣ የበጋ ቧንቧ።

የዚህ ጊዜ አባቱ ትዝ አለው። አባቱና አጎቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር የሚኖሩት። በአንድ ቃል ተጣልተው፣ "ደጄን እንዳትረግጥ" ተባብለው፣ ሽማግሌ የሚልክላቸው ሰው ሲጠፋ ዓመታት ሄዱ። አጎቱ ሲሞት አባቱ ለቅሶውን የሰማው በግድግዳው በኩል ነው። ጭቃውን ተደግፎ ሲንሰቀሰቅ ሳህሉ ልጅ ሆኖ አይቶታል። እንግዲህ ሰው እያለ ሽማግሌ አለመላክ ምን ይባላል? ስልኩን አነሳና ጋሽ እንግዳወርቅን ለመነ።

አሁን ጋሽ እንግዳወርቅንና ተክለአብን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጦ ላይና ታች ሮጠ። ለሁለቱም ያንኑ ውሸት ዋሸ፦ "ያገሬ ሰዎች መጥተዋል፣ ክሪኬት ምን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። መጥተህ አስረዳልኝ።"

ክሪኬት አስረዳ ተብሎ እምቢ የሚል ከሁለቱ አንድም የለም። ኤግበርት መጀመሪያ ገባ። ባለ ነጭ ነጠላዎቹን ሲያይ ቆም አለ። "ጌታዬ! ነጭ ለባሾቹን የክሪኬት ዳኞች ነው እንዴ ያመጣህብኝ?" ሌን ተከትሎ ገባና ኤግበርትን አየ። መመለስም አፈረ። አንደኛው መስኮቱ ጋ ወንበር ያዘ፣ ሌላው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባና ጀርባ። ሬድዮኑ የመጨረሻውን ቀን ጨዋታ ያወራል።

"ጠይቅልኝ እስቲ" አለ ተክለአብ፣ "ጎሉ የት ነው?"

"ለእንግዶችህ ንገራቸው" አለ ሌን፣ "ጎል የለም። ሦስት እንጨት ይተከላል። ወርዋሪው እንጨቱን ሊነካ፣ መቺው ሊጠብቅ ነው ትግሉ።"

"ለዚያ ሰውዬ ንገረው" አለ ኤግበርት ወደ በሩ እያየ፣ "የሚጠብቁት የእሱ አገር ሰዎች ናቸው። የእኛዎቹ ይመታሉ።"

"ለዚህ ሰውዬ ንገረው፣ ዛሬ ቆመን ስለጠበቅን ነው እነሱ ማሸነፍ ያቃታቸው።"

"ገና አላለቀም በለው።"

"ጆሮህን ተመርመር በለው።"

ሳህሉ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲያስተረጉም ላብ አጠመቀው። ጋሽ እንግዳወርቅ ጎንበስ ብለው፣ "እኔ ቋንቋው ባይገባኝም" አሉ፣ "እነዚህ ሰዎች በደንብ ነው የሚዋደዱት።"

"እንዴት አወቁ ጋሼ?"

"የማይዋደድ ሰው ይሄን ያህል ተራ አይጠብቅም።"

ወዲያው ተራውም ቀረ። "አንተ እኮ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስቱ ግጥሚያም እንደዚሁ ብለህ ነበር!" ብሎ ኤግበርት ዞረ። "ስልሳ ሦስት ላይ ኦቫል ቁጭ ብሎ ያለቀሰው ማን ነው?"

"ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ገብቶ ነው!"

"ሁለቱም ዓይንህ ውስጥ?"

"ሁለት ትንኝ ነበር!"

ሳህሉ ማስተርጎም ትቶ ቁጭ አለ። ሬድዮኑ ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ጨዋታው አለቀ።

"ማን አሸነፈ?" አለ ተክለአብ።

"ማንም" አለ ሳህሉ።

"አምስት ቀን ተጫውተው?"

"አልለየለትም። የበጋው ውድድር በሙሉም ሁለት ለሁለት ነው ያለቀው።"

"ኧረ በስመ አብ! እኔ በአምስት ቀን ስንት ሰው ሂትሮው ኤርፖርት አደርሳለሁ!"

"ተው" አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። "ጥሩ ጨዋታ ነው። ሁሉም ቤቱ በሰላም ይገባል።" ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። "በል ሳህሉ፣ የመጣንበትን ንገራቸው።"

ነገራቸው። ሰዎቹ ክሪኬት ሊማሩ እንዳልመጡ፣ ባገሩ ሁለት ወዳጆች ሲኳረፉ ሽማግሌ መሃል እንደሚገባ፣ ሁለቱም በሆዳቸው ያለውን ማውጣት እንዳለባቸው። የሌን ጆሮ ቀላ። ኤግበርት ጉልበቱን ያሻል።

"በርሜሉን ጠይቁት" አለ ሌን በመጨረሻ። "ወደ አገሩ ሊገባ ነው፣ ለሁልጊዜው። የባርቤዶስ ሰው በርሜል ከገዛ ዕቃውን በመርከብ ሊልክ ነው፣ ይሄን መንገዱ በሙሉ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ነው። የነገረኝ ግን እሱ አይደለም።" ጣቱን ወደ ሳህሉ ቀሰረ። "ይሄ ነው የነገረኝ።"

ሳህሉ ማስተርጎሙን ረሳ።

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ።

"እ... ነገሩን ያመጣው በርሜል ነው ይላል።"

"ስለ በርሜሉ ማን ነገረው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ውኃ ሊጠፋ መስሎኝ።"

ተክለአብ አፉን በነጠላው ጫፍ ያዘ። "ለንደን ላይ? ውኃ?"

"ዝም በል አንተ። እኔም ብሆን ውኃ ነበር የምለው" አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። "ለዚያኛው አስተርጉምለት፣ ለምን ደበቅህ በለው።"

ኤግበርት ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። ባርቤዶስ ያለችው እህቱ ብቻዋን ቀርታለች። ጉልበቱም ይሄን ደረጃ ከዚህ በላይ አይወጣም። "ጨዋታው ይለቅ ብዬ ነው" አለ። "ቀድሜ ብነግረው አምስቱንም ቀን ያዝንልኝ ነበር። ያን መፍቻውን አያነሳም ነበር። እኔ ደግሞ የሚያዝንልኝ ሌን አልፈልግም።"

"እኔ? ላንተ?" አለ ሌን። ወደ መስኮቱ ዞሮ ዓይኑን በመዳፉ አበሰ።

"እንግዲህ ትንኝ ገባ" አለ ኤግበርት ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ፈረዱ። "ይሄኛው ደብቋል። ያኛው ደጁን ከልክሏል። አንተ ሳህሉ ሳትጠየቅ የሰው በርሜል አውርተሃል። ሦስታችሁም አጥፍታችኋል። እሱ እስኪሄድ ድረስ ማታ ማታ ታች ቤት ራት አብረው ይብሉ። አንተ ደግሞ ያወጣኸውን በርሜል ታወርዳለህ።"

"ጋሼ፣ ሲወርድ እኮ ሙሉ ነው!"

"ካሳ ታዲያ ቀላል ነው እንዴ? በሉ ተነሱ፣ ተሳሳሙ።"

ሳህሉ "ተጨባበጡ" ብሎ አስተረጎመ። እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ ጋሽ እንግዳወርቅ ተቆጡ። "እጅ አልኩ? ጉንጭ ነው ያልኩት!" ኤግበርትና ሌን ተያዩ። ከዚያ ከጠባብ ደረጃ ላይ ቁም ሳጥን እንደሚያወርዱ ሰዎች፣ የቱን ወገን እንደሚይዙ ሳያውቁ፣ ተቃቀፉ። ወዲያው አልተላቀቁም።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ኤግበርት ያን የወጥ ማንኪያ ይዞ ወረደ። ጫፉ ቧንቧ በመምታት ብዛት ጠምሟል።

"ያዘው" አለው ሳህሉን። "እኔ ስሄድ አንተ ትመታለህ።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ሌን። "ማንኪያውን ከያዘ የዌስት ኢንዲስ ሆነ ማለት ነው። እስቲ ዛሬ ንገረን፣ አንተ ሰውዬ የማን ነህ?"

ሳህሉ የለመደውን ሊል አፉን ከፈተ። የመሃል ፎቅ ነኝ ሊል ነው። ከላይ ኤግበርት ከሌለ ግን መሃል ምን ይሆናል?

"አላውቅም" አላቸው።

ሁለቱም አልሳቁም። ተያይዘው ራት ሊበሉ ወረዱ።

ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ዌስት ኢንዲሶች ተመልሰው እስኪመጡ ዓመታት አሉ። እስከዚያ ከላይ ማን እንደሚገባ፣ ሌን ይቆይ አይቆይ፣ እሱ ራሱ እዚህ ቤት ይኑር አይኑር፣ ያ ቀን ሲመጣ ደግሞ ቧንቧውን የየትኛው ወገን ሰው ሲወጣ እንደሚመታ፣ ሳህሉ አያውቅም።